ቀማሹና የወንድሙ ቡና

ሰውዬው ቡና ቀማሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ከሚከማችበት መጋዘን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ወደተደረደሩት ሲኒዎች እያጎነበሰ ኖሯል። በማንኪያ ሳብ ያደርግና አፉ ውስጥ አንከባሎ ይተፋዋል፤ ከዚያ ደረጃውን ይጽፋል። ዋጋው የሚቆረጠው በዚያ ደረጃ ነው። በሥራ ቀን ሽንኩርት አይቀምስም፣ ሽቶ አይቀባም። ሚስቱ፣ «ሌላውን ሰው ምላሱ ያጣላዋል፤ የኔን ባል ምላሱ ያበላዋል» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

ለማንም እንዳያዳላ ናሙናው የሚቀርብለት በቁጥር እንጂ በባለቤቱ ስም አይደለም። በዚህ ይኮራ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ለቀማው ሊያልቅ ሲል፣ አርባ አንድ ቁጥር ቀረበለት። ገና ሲያሸተው ኮምጠጥ አለው። ሁለቴ ቀመሰው፤ የመጨረሻውን ደረጃ ሰጠውና ወደሚቀጥለው ሲኒ አለፈ።

በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙ ከገጠር መጣ። ቁጭ አለና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር።

«ጋሼ፣ ምነው? ደህና አይደለህም እንዴ?»

«ቡናዬን ጣሉብኝ» አለ ወንድሙ። «የተቀመሰው እናንተ ጋ ነው። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው አሉኝ።»

ቀማሹ መዋሸት ይችል ነበር። «የቀመስኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ። «ኮምጥጦ ነበር።»

ወንድሙ አልተቆጣም። «መኮምጠጡንማ እኔም አውቃለሁ። ለምን እንደኮመጠጠ ግን የጠየቀኝ የለም። መጥተህ እይ።»

ሄዶ አየ። ቀይ ፍሬ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ የአካባቢው ብቸኛ መፈልፈያ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ነው። ባሕር ማዶ ዋጋ ሲወርድ ነጋዴው «ዋጋው እስኪረጋ ልጠብቅ» ብሎ መፈልፈያውን ሦስት ቀን ዘጋው። የገበሬው ፍሬ በጆንያ እንደታጨቀ በሩ ላይ ሞቆ ዋለ፣ ሞቆ አደረ። ቀማሹ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ፣ ስንት ዓመት የነጋዴውን ጥፋት በገበሬው ላይ ሲጽፍ እንደኖረ ያሰላስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከደረጃው ሥር አንዲት መስመር መጨመር ጀመረ፦ «ፍሬው ሳይፈለፈል ሰንብቷል።» ሥራ አስኪያጁ አስጠራው።

«የቀጠርነው ምላስህን ነው፤ አስተያየትህን አይደለም።»

«የጻፍኩት ምላሴ የነገረኝን ነው፣ ጌታዬ።»

«ገዢ ምክንያት አይገዛም። ተወው።»

ተወው፤ ሦስት ልጆች ያስተምራል። ነገር ግን በእረፍት ቀኑ ማንኪያና ሲኒዎቹን ሸክፎ ወንድሙ መንደር መሄድ ያዘ። ገበሬዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያመርቱ ገዢ እንደሚቀምሰው ቀምሰውት አያውቁም። የሰነበተውንና በቀኑ የተፈለፈለውን ጎን ለጎን አቀረበላቸው። አንዲት ባልቴት የሰነበተውን ጎንጨት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱና፣ «አይ፣ ይሄንንስ እኔም እተፋዋለሁ» አሉ። ሁሉም ሳቁ። በዓመቱ አዋጥተው በእጅ የሚዞር መፈልፈያ ገዙ።

የወንድሙ ቡና አንደኛ ደረጃ ወጣ። በዚያው ወቅት ግን ሌላ አገር ቡናው ሞልቶ ተርፎ ኖሮ፣ ዋጋው በየአገሩ ተንኮታኮተ። አንደኛው ደረጃ አምና የመጨረሻ ደረጃ የተሰጠውን ያህል እንኳ አላወጣም። ቀማሹ ይህን ሊነግረው ወደ መንደሩ ሄደ።

«ሰምቻለሁ» አለው ወንድሙ። «ያኛው ከእጄ ውጭ ነው። የቡናዬን ጥሩነት ግን ቀምሼ አውቄዋለሁ። አምና ይህንንም አላውቅም ነበር።»

«እና ምን ልታደርግ ነው፣ ጋሼ?»

«የታችኛውን ማሳ ነቅዬ በቆሎ እዘራበታለሁ። ልጆቹ መብላት አለባቸው።»

በማግስቱ ወንድማማቾቹ መቆፈሪያ ይዘው ወረዱ። የቡናው ሥር ጥልቅ ነበርና እስከ ቀትር ሰባት ግንድ ብቻ ነቀሉ። ቀማሹ እጁ ውኃ ቋጠረ። የላይኛውን የቡና ማሳ ግን ወንድሙ አልነካውም።