ሁለት ቅጂ በአንድ መደርደሪያ

ባልደረቦቿ «ደልዳይዋ» ይሏታል። የቤተ መጻሕፍቱ የፍለጋ ማውጫ ከትልቅነቱ የተነሣ አንድ ሰርቨር ስለማይችለው፣ ተቆራርጦ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም ምትክ ቅጂ ይሠራለታል። የትኛው ቁራጭ የት ይደር፣ ቅጂውስ ከማን ጋር ይጎራበት የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። «ልጆቻችንን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃ አላስተኛችም» እያለ ባሏ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን ጠዋት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰርቨሮቹ ከተደረደሩባቸው ሁለት መደርደሪያዎች የግራውን የኤሌክትሪክ መስመር ሊቀይር መጣ። በደረሰበት ሁሉ መብራት ስለሚጠፋ ቅጽል ስሙ «ጨለማው» ነው። የንባብ ክፍሉ ለፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎች ጢም ብሏል፤ ደልዳይዋም «ፍለጋው ለአፍታ አይቋረጥም» ብላ ለኃላፊዋ ቃል ገብታለች።

«ላጥፋው?» አለ ጨለማው።

«ቆይ ጋሼ! አንዴ ድልድሉን ልየው።»

አየችው፤ ክው አለች። አንዱ ቁራጭና ቅጂው በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ግን እዚያው የግራው መደርደሪያ ላይ! «አንድ ሰርቨር ላይ እንዳታደርጋቸው» ብላ ቁራጮቹን የሚያስቀምጠውን የኮምፒውተር ሥርዓት አዝዛዋለች። የትኛው ሰርቨር በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ግን አልነገረችውም።

ድንገት ሳቋ መጣ። ነፍሱን ይማረውና አባቷ ታወሳት። ቁልፍ ቢጠፋብን ብሎ ትርፍ አስቀርጾ፣ ትርፉን ከበሩ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሰቅሎት ነበር። ቁልፉ የጠፋ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ደጅ ተገትሮ፣ እናቷ «ደግ አደረግህ፣ ሌባም አያገኘው!» ስትለው፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ አሁንም ይታያታል።

«እኔን አቁመሽ ትስቂያለሽ?»

«አባቴን ወጥቼ ነው ጋሼ። ትንሽ ታገሠኝ፣ አንዱን ቤት ላስቀይረው።»

ቅጂው ወደ ቀኙ መደርደሪያ መገልበጥ ጀመረ። እሷም እስከዚያው የየሰርቨሩን መደርደሪያ ለሥርዓቱ አስታወቀች። ጨለማው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔ ቤት ስቀይር እንኳ እንዲህ አልቆየሁም!»

«ስንት ብርጭቆ ተሰበረብህ?»

«እሱስ… ተይው።»

ቅጂው ተጠናቀቀ። «በል አጥፋው!»

የግራው መደርደሪያ ጸጥ አለ። ደልዳይዋ እየከነፈች ወደ ንባብ ክፍሉ ገባችና ከአንዲት ተማሪ ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ አጮለቀች። ተማሪዋ ቃል ጻፈች፤ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ወዲያው ግጥም ብሎ መጣ። በክፍሉ ውስጥ ቀና ያለ ሰው እንኳ የለም።

«እህቴ፣ ስክሪኑን ጋረድሽብኝ እኮ!» አለች ተማሪዋ።

«ይቅርታ የኔ እናት» አለችና በእግሯ ጣት እየተራመደች ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግን እንደ ልጅ እየዘለለች ሮጠች።