የአሰጋሽ የስለት መጋረጃ

ማስረሻ ስቶክሆልም የመጣው ሊማር ነበር። ተምሯልም ይባላል፤ ምን እንደተማረ ግን እሱም በቅጡ አያውቅም። አሁን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነው፤ ሥራውም ያልተጠየቀውን ማስረዳት ነው። አሰጋሽን ገና ድምፁን ስትሰማ ያንገሸግሻት ነበር።

አሰጋሽ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ናት። ልጇን ሰሎሜን አዲስ አበባ እህቷ ጋ ትታ ከወጣች ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ «ልጄን አምጣልኝና የመቅደስህን መጋረጃ አስገባለሁ» ብላ ለመድኃኔ ዓለም ተሳለች። ልጅቱ በፈረንጆቹ 2006 መጣች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «እማዬ» የምትለው አክስቷን ነው፤ እናቷን «አሰጋሽ» እያለች ነበር የምትጠራት።

አሰጋሽ ሻርሆልመን ሰፈር ካለ የአንድ ኢራናዊ ሱቅ ወይን ጠጅ ጨርቅ ገዝታ መጋረጃውን በእጇ ሰፋች። ጉድ ያመጣው መጋረጃውን ቤተ ክርስቲያን ይዛ የመጣችበት ከረጢት ነው። የሱቁ ስም «ፓርዴ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማስረሻ ይህን አይቶ ትርጉሙን ሊያጣራ ሱቁ ድረስ ሄደ። ባለሱቁም የሚሰማው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ሻይ ቀድቶ ሁሉንም ነገረው።

በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ማስረሻ ተነሣ። «ቃሉ ከጥንቱ ፋርስኛ፣ ‹ፓርዳግ› ከሚለው የመጣ ነው፤ መጋረጃ ማለት ነው» አለ። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት! «ነገር ግን የቲያትር ገቢርም ፓርዴ ነው። ሥዕልም ፓርዴ ነው። የጆሮ ታምቡርም። የባሰው ደግሞ፣ ዘፋኝ በመሣሪያው አንገት ላይ ጣቱን የሚያሳርፍበትም ፓርዴ ነው! ታዲያ ዘፈንና ቲያትር መቅደስ ውስጥ ልንሰቅል ነው?»

«ማስረሻ፣ እኔ የሰፋሁት ጨርቅ ነው እኮ!» አለች አሰጋሽ።

«እህቴ፣ ይህ የሥነ ልሳን ጉዳይ ነው።»

ጠብ የማይወዱት የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ይግዛው፣ «ይቆይ እስቲ» አሉ። እሳቸው ይቆይ ያሉት ነገር ተመልሶ ተነሥቶ አያውቅም።

አሰጋሽ ስለቷን ሳታስገባ በመቅረቷ እየተንገበገበች መጋረጃውን ይዛ ተመለሰች። የተከራየችው አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ሰሎሜ ጨርቁን አይታ፣ «አሰጋሽ፣ መሃል ላይ ብንሰቅለውስ? ልብስ ስቀይር አፍራለሁ» አለቻት። የማስረሻ ነገር አናዷት ነበር፤ ይኼ ግን አንጀቷን በላው። ሰቀለችው። ልጇን ለማግኘት የተሳለችው መጋረጃ ከልጇ ጋረዳት።

ወራት አለፉ። ለበዓል የመጡ ጳጳስ በጠረጴዛ ጨርቅ የተጋረደውን መቅደስ አይተው፣ «አንድ መጋረጃ የሚሰጥ ምእመን ጠፋ?» ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ማስረሻ ላብ በላብ ሆኖ አሰጋሽ በር ላይ ደረሰ።

«ነገሩን እንደገና ሳጠናው፣ ሥረ ቃሉ በመሠረቱ ንጹሕ ነው። አምጪው» አላት።

«ለካ አንተን የሚያስጠናህ የጳጳስ ቁጣ ነው! እዚያው ቁም።»

ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ሰሎሜ ከወዲያ በኩል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጨርቁ ሰፊ ስለሆነ አሰጋሽ ብቻዋን ማጠፍ አቃታት፤ ልጅቱ ተነሥታ አንዱን ጫፍ ያዘችላት። አንድ ጊዜ አጠፉት። ለሁለተኛው ተጠጋጉ። ለሦስተኛው እጃቸው ተነካካ። ማስረሻ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ፋርስ ነገሥታት ያብራራል።

«እማዬ፣ ሰውዬው ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች ሰሎሜ በሹክሹክታ።

አሰጋሽ ለማስረሻ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት።