የግቢዬ ጫካና የልጄ ሽማግሌዎች

ግቢያችን አብነት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ስፋቱ አንድ ሚኒባስ ቢገባበት ሾፌሩ በመስኮት ካልሆነ መውጫ አያገኝም። ይሁንና በሁለት ክረምት ውስጥ የበቀለበትን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ድመታችን ገብታ በሦስተኛው ቀን ከስታ ወጣች። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ፣ «ከላይ ሳየው መንግሥት መናፈሻ ሊከፍት መስሎኝ ነበር» ብሎኛል።

ልጄ ለመነችኝ። በመጪው እሑድ፣ የወደደችው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

«አባዬ፣ በናትህ አትክልተኛ እንጥራ። ሰዎቹ ይሄንን አይተው ከበር ቢመለሱስ?»

«አትክልተኛ የሚጠራ ወገብ የሌለው ነው። እኔ የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ!»

አያቴ በእርግጥ ገበሬ ነበሩ። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከያዝኩት መሣሪያ ሁሉ ትልቁ ስቴፕለር ነው።

እሑድ ማለዳ ባለቤቴና ልጄ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ከጎረቤት ማጭድ ተውሼ፣ ቡትስ ተጫምቼ፣ እስከ ክርኔ የሚደርስ ጓንት አጥልቄ ዘመትኩ። ያገኘሁትን ሁሉ አጨድኩ። ያጨድኩትንም አልጣልኩትም። አረንጓዴ ነው፣ ለምለም ነው፤ ቄጠማ ፍለጋ ማን ገበያ ይሄዳል? ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ጎዘጎዝኩት። ልጄ ስትመለስ ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ተናጋሪ ሪህ ስላለባቸው በነጠላ ጫማ ነው የመጡት፤ ካልሲ እንኳ አላደረጉም። መቼም ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች «ተቀመጡ» ቢባሉ በጄ አይሉም፤ ጉዳያቸው እስኪሰማ ቆመው ነው የሚናገሩት። በእኛ በኩል የሚመልሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ «እንደምን አደራችሁ» ለማለት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል።

«እንግዲህ ዝምድና እንዳይኖር፣ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን» አለ፣ ተደላድሎ።

ሽማግሌው ጀመሩ። አባቱን ሲጠሩ ቀኝ እግራቸውን አነሱ። አያቱ ላይ ግራውን። ቅድመ አያቱ ላይ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ለማንሳት ሞከሩ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን የተክለ ሃይማኖት ታክሲ ረዳት መንገደኛ እንደሚጠራ አከታተሏቸው፤ ሰባት ተባሉ፣ እሳቸው ግን መቆም አቅቷቸው አሥረኛው አያት ላይ ደረሱ።

የወንድሜ ፊት ጠቆረ። «አባቴ፣ እኛ ቤት መሬት እየደበደቡ ልጅ አይጠየቅም።»

«ኧረ ልጄ፣ መደብደቤ አይደለም፤ እየሸሸሁ ነው!»

«ከማን?»

«ከእግሬ!»

ወንድሜ ብድግ አለ። እሱ ብድግ ካለ ነገር አለቀ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ተመለሰ፣ ጋብቻ ቀረ። ይሄኔ የጓዳው በር ተበርግዶ ልጄ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ሰዓት አትታይም፤ ነውር ነው። እሷ ግን ውሃ በሳፋ ይዛ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል!» አለች አጎቷን። ጉዝጓዙን በጫማዋ ጫፍ ገለጥ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ! ሳማ እኮ ነው የጎዘጎዝከው!»

በጓንትና በቡትስ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም ሣር ሣር ነው።

ሽማግሌውን አስቀምጣ እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችላቸው። «ይቅርታ አባባ፣ በክፋት አይደለም፤ ሳያውቅ ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉና እኛን አዩን። «እናንተ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ታስቆጥራላችሁ፤ የገዛ ግቢያችሁን ሣር ግን አታውቁትም። ቀጠሮ ስጡን፣ እንመለሳለን። ግን አትክልተኛ ከመጣ በኋላ።»

ማክሰኞ ዕለት አትክልተኛ መጣች። ዕድሜዋ እንደ እኔ ነው፤ ችግኝ ጣቢያ የሠራች ባለሙያ። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው ያጨደው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንኳን ፀጉር አስተካካይ አልሆኑ፤ ሰፈሩ በሙሉ በባርኔጣ ነበር የሚሄደው።»

ሳማውን ከነሥሩ ነቀለችው። ከላይ ማጨድ እንዲበዛ መለመን ነው አለችኝ። በየክረምቱ ሳሎናችን የሚገባውን ጎርፍ እኔ የሰማይ ቁጣ አድርጌው ነበር፤ ለካ ቦዩ በሣር ተደፍኖ ኖሯል። ጥግ ላይ የቆመውን፣ ልብስ የማሰጣበትን እንጨት ገርዛ ውሃ ስታጠጣው ቅጠል አወጣ። ሎሚ ነበር! አሥር ዓመት ሙሉ ካልሲዬን ሎሚ ዛፍ ላይ ሰቅያለሁ።

«በቃ፣ በዓመት አንዴ ለበዓል ትመጫለሽ» አልኳት።

«ጥርስዎን የሚፍቁት በዓመት አንዴ ነው?»

በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ትመጣ ጀመር። ባለቤቴ ከሥራ መልስ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥታ መቀመጥ ለመደች። ቀድሞ ግን በሩን የምትሻገረው አማትባ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ዋናው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ግቢውን ሁለቴ ዞሩት። ከዚያ ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ፣ በመጀመሪያ ደረጃ…»

ከጓዳ የልጄ ሳል ተሰማ። ሳል አይደለም፤ ልመና ነው።

«ሰጥተናል!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ንግግሩ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነበር።

ሽማግሌው ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካላስቸገርን፣ አትክልተኛዋንም ለልጁ አባት ግቢ…»

«አባቴ» አልኳቸው፣ «አንድ ልጄን ይውሰዱ፣ ትዳሯን እግዜር ይባርክላት። አትክልተኛዋን ግን ሌላ ሽማግሌ ቢመጣም አልሰጥም።»