ውሃ የቋጠረው መብራት

አባቴ ሚኒባሱን ከምርመራ ይዞ ሲመለስ ሞተሩን አጥፍቶ አልወረደም። መሪውን እንደ ጨበጠ ቁጭ አለ። እናቴ ከጓዳ፣ እኔ ከበረንዳ መጥተን በመስኮቱ አየነው። የዓመቱን ቦሎ ሊያሳድስ ነበር የሄደው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ግን ያው ያምናው ነው።

«ምን አሉህ?» አለችው እናቴ።

«መብራት የለህም አሉኝ።»

አልዋሹም። የዚያ መኪና የፊት መብራቶች ውሃ ከቋጠሩ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በእኛ በሚዛን ተፈሪ ዝናብ ወር አይመርጥም። ሲዘንብ ውሃው በአሮጌው ማጣበቂያ ስንጥቅ ይሰርጋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይተንና ከፕላስቲኩ በስተውስጥ እንደ ላብ ይንጠለጠላል። ተሳፋሪዎች «ሾፌር፣ ዓሣ ልታረባበት ነው?» እያሉ ይስቁ ነበር። አባቴ ውሃው እንዲወርድ ብሎ ከሥር ሲበሳው ደግሞ ቀዳዳው ውሃ ከማስወጣት ይልቅ የቴፒን መንገድ ጭቃ እያስገባ አረፈ። በግራው ፍሬቻ ላይ ሌላ ጉድ ነበር። መኪናው ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያሳየው ይህ መብራት ብርቱካናማ መሆን ሲገባው፣ አባቴ ነጭ አምፖል ገዝቶ፣ የእኔን የጥፍር ቀለም ቀብቶ ገጥሞበታል። አምፖሉ በጋለ ቁጥር ቀለሙ እየተላጠ በመጨረሻ ነጭና ቀይ ዝንጉርጉር ሆኖ ቀረ።

አባቴ ቸልተኛ ሰው ሆኖ አይደለም። በወጣትነቱ የቡና ጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከጎጃም የመጣ፣ እናቴን የቤንችን ልጅ አይቶ እዚሁ የቀረ፣ ጎማውን በየማለዳው በእግሩ ሳይመታ መንገድ የማይወጣ ሰው ነው። መብራት ግን ጠፋበት። የሚዛን ሱቆች የዚያ ዓይነት መኪና ዕቃ መምጣት አቁሟል አሉት። ጅማ አስጠየቀ፤ የለም። አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ በአውቶቡስ የላከለት አሮጌ መብራት ደግሞ ከእኛው የባሰ የደበዘዘ ሆኖ መጣ።

ከምርመራው ሁለት ወር በፊት በቴፒ መንገድ ላይ የደረሰውንም እኔ ነበርኩ የማውቅለት፤ አብሬው ነበርኩና። ከቀትር በኋላ ነው፤ ጉም ወርዷል። አባቴ አንዲት ሴት ሊያወርድ ወደ ግራ፣ ወደ ቡናው እርሻ መግቢያ ለመታጠፍ ፍሬቻ አበራ። ከፊት ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና አላየውም። ሾፌሩ በመጨረሻዋ ሰዓት ጠመዘዘ፤ የመኪናችንን አፍንጫ ጨርፎ አለፈና ቦዩ ውስጥ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። የሴትየዋ አናናስ ብቻ ከቅርጫቱ ወጥቶ ጭቃው ላይ ተበተነ። የጭነቱ ሾፌር ወርዶ መጣና በቁጣ ሳይሆን በድንጋጤ «አባት፣ ፍሬቻ እኮ አላሳዩኝም!» አለው።

«አሳይቻለሁ» አለ አባቴ። ከዚያ ራሱ ወርዶ ወደ ፊት ሃያ ርምጃ ያህል ሄደና ዞሮ አየ። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ግን በውሃ ከደበዘዘው ትልቁ መብራት ጎን ነጩ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ አንዱ ከሌላው አይለይም። አባቴ በጉሙ ውስጥ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያን ቀን በኋላ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር እጁን በመስኮት አውጥቶ ያውለበልብ ጀመር።

መርማሪው የሰጠው አሥር ቀን ነው። በአሥር ቀን መብራቱ ካልተስተካከለ መኪናው ይቆማል።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ከተቀበልን ጥቂት ዓመት ያለፈበት ጊዜ ነው። እኔ በመኪና ኤሌክትሪክ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት ሊሆነኝ ነበር። ከፍሎ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ገብቼ ወንበር ላይ የምቀመጥ መስሎት እንጂ፣ የእሱን መኪና ፈትቼ የምገጥም አድርጎ አስቦኝ አያውቅም። ኮፈኑን ሲከፍት አጠገቡ ከቆምኩ እንኳ «ልብስሽ ይቆሽሻል» ይለኝ ነበር።

በዚያ ምሽት እራት ላይ «አባዬ፣ መብራቱን እኔ ልክፈተው» አልኩት።

«ምኑን ነው የምትከፍቺው?»

«ፕላስቲኩን ከኋላው አካል ለይቼ፣ ውስጡን አጥቤ፣ መልሼ ላሽገው።»

«ፋብሪካ የዘጋውን ሰው አይከፍተውም።»

«ፋብሪካ የዘጋው በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያ ደግሞ ሲሞቅ ይለቃል።»

«ቢሰነጠቅስ?»

እናቴ ከሌማቱ ቀና ሳትል «ቢሰነጠቅማ ተገላገልክ። የተሰነጠቀ ውሃ አይቋጥርም» አለችው።

አባቴ ከምርመራው ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ «አንዱን ብቻ። የግራውን» አለኝ።

የቸገረኝ ሙቀቱ ነበር። በፈላ ውሃ ሞከርኩ፤ ማጣበቂያው ንቅንቅ አላለም። ትምህርት ቤት ያየነው ሙቀቱ የሚለካ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ እኛ ሰፈር ያለው ምድጃ የዳቦ ቤቱ ብቻ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጸጥ ያሉ አዛውንት ናቸው፤ የዚያው አገር ተወላጅ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራን ጋር የሚቆሙ። መብራቱን ታቅፌ ገባሁና የምፈልገውን ነገርኳቸው።

«ልጋግርልሽ ነው የምትዪኝ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ግን ከዳቦ ባነሰ እሳት።»

ምንም አልሳቁም። የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ የምድጃውን በር ከፍተው ብዙ አስተነፈሱት። ከዚያ ቁንጥር ዱቄት ወለሉ ላይ በተኑና አጎንብሰው ተመለከቱ። «ዱቄቱ ቶሎ ከጠቆረ ለዳቦ ነው። ቀስ ብሎ ከቀላ ለብስኩት። እንደ ነጣ ከቀረ ላንቺ» አሉ። ሦስት ጊዜ በተኑ። በሦስተኛው እንደ ነጣ ቀረ።

መብራቱን ደረቅ ጣውላ ላይ አድርገን በዳቦ ማውጫው መቅዘፊያ አስገባነው። ሰዓቴን ይዤ ስምንት ደቂቃ ቆጠርኩ። ሲወጣ በጨርቅ ይዤ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በጠርዙ አስገባሁና ቀስ ብዬ አነሣሁት። ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሰዎች እንኳ «ውይ!» አሉ። ፕላስቲኩ አልነበረም፤ ሁለቱን የያዘው ጥርስ ነው የለቀቀው። ማጣበቂያው እንደ ማር እየተሳበ ግማሽ ድረስ ተላቀቀና ቀዘቀዘ። መልሰን አስገባነው። በሦስተኛው ጊዜ መብራቱ እጄ ላይ ለሁለት ተከፈለ።

ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ቡናማ ውሃ ዳቦ ቤቱ ወለል ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ጭቃና የአሸን ክንፍ ተጋግሯል። ደስታዬ አጣደፈኝና ከኋላ ያለውን የብር መልክ አንጸባራቂ በጨርቅ ጠረግ አደረግሁት። የጥፍር ያህል ብሩ ከጨርቁ ጋር ተነሥቶ መጣ። የተማርኩት ነበር፤ ያ ሽፋን አይነካም፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠባል። እያወቅሁ ነካሁት። ቀሪውን ውሃ እያፈሰስኩ አጠብኩና ጥላ ሥር አደረቅሁ። ቤት ስደርስ ለአባቴ ሳልደብቅ አሳየሁት።

«ያበራል?» አለኝ።

«ጥጉ ነው። ያበራል።»

«እንግዲያው ተይው።»

ለማሸጊያው ሚዛን ያገኘሁት ሲልኮን ሁሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። መምህራችን ያን የሚሸተውን መብራት ውስጥ አታስገቡ፣ ብሩን ይበላዋል ይሉን ነበር። ስለዚህ ከአባቴ ጋር በሰው መኪና ቴፒ ወረድን። አባቴ ተሳፋሪ ሆኖ አያውቅም፤ በየኩርባው እግሩ ባዶውን ወለል እየረገጠ ፍሬን ይይዝ ነበር። ቴፒ ውስጥ የመኪና መስታወት የሚገጥም ሰው ዘንድ የማይሸተውን ጥቁር ማሸጊያ አገኘን።

የአምፖሉ ጉዳይ የከረረው እዚያው ቴፒ፣ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጩ ገና ወጣት ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ባለው መሞከሪያ ባትሪ ሲያበራልን ሱቁ ነጣ። አባቴ ዓይኑ በራ። ወጣት ሾፌሮች ሁሉ የሚገጥሙት እሱን ነበር።

«ይሄን ነው የምንወስደው» አለ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ በፍሬቻ ማብሪያው እንየው» አልኩ። ከመኪናችን ነቅዬ ይዤው የመጣሁትን ፍላሸር፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ትንሽ ዕቃ፣ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። አምፖሉ እንደ ደነገጠ ሰው ልብ ይርገበገብ ጀመር፤ ለመቁጠር እንኳ አይመችም።

«ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

«ይሄ አምፖል የሚስበው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ፍላሸሩ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይቸኩላል። ደግሞ ነጭ ነው። አንተ ጉሙ ውስጥ ቆመህ ያየኸው ነጭ አልበቃህም?»

አባቴ እጁን ከነጩ አምፖል ላይ አነሣ። ሻጩ ግን አልተረታም። «እህቴ፣ ሁሉም ይሄን ነው የሚወስደው» አለኝ።

«ብርቱካናማ፣ ባለ ክር አምፖል የለህም? የመኪናው መያዣ የተሠራው ለእሱ ነው።»

ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ። ማንም አይገዛውም አለ። አንዱን አንሥቼ የጎኑን ሁለት ጥርሶች ለአባቴ አሳየሁት፤ ፊት ለፊት ሳይሆኑ ትንሽ ዘንበል ብለው ነው የተቀመጡት። «ነጩ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው» አልኩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። ነጩን አምፖል ለማስገባት ጥርሱን በሞረድ የፋቀው እሱ ነበር።

አምፖሉን ከፍላሸሩ ጋር አገናኘሁት። ረጋ ብሎ፣ ሞቅ ባለ ብርቱካናማ በራ፤ ጠፋ፤ በራ። አባቴ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረና ቀትር ፀሐይ ላይ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ «ይታያል!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

ቤት ተመልሼ አባቴ የበሳውን ቀዳዳ ደፈንኩ። መብራት ግን ጨርሶ ከታፈነ ያልበዋል፤ መተንፈስ አለበት። ከጀርባው ከላይ በኩል አፉ ወደ መሬት የተደፋ ቀጭን የጎማ ቱቦ አበጀሁለት፤ አየር ይገባል፣ ውሃ ሽቅብ አይወጣም። የደበዘዘውን ፕላስቲክ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ፈግፍጌ፣ በጥርስ ሳሙና እስኪያበራ አሸሁት። ጥቁሩን ማሸጊያ ሳላቋርጥ ዙሪያውን አፈሰስኩ፤ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በቆረጥኩት ላስቲክ ጠፍሬ አንድ ቀን ሙሉ አሳደርኩት።

በማግሥቱ ቱቦውን በጣቴ ደፍኜ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። አንዲት አረፋ ብልቅ ብላ ወጣች። እናቴ ናት ያየቻት። «እዚህ ጋ!» አለች። ያቺን ቦታ ከፍቼ ደግሜ አሸግሁ። ሁለተኛ ስነክረው ሦስታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ምንም አልወጣም። ውሃው እንደ መስታወት ረጋ።

አባቴ ወደ ግቢው ወጣ። የካቻቢቴ ድምፅ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ የቀኙን መብራት በገዛ እጁ ነቅሎ ይዞልኝ መጣ። «ይኸኛውንም» አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ምርመራ ስንሄድ ዝናቡ ያወርደው ነበር፤ እኔ ደግሞ ማሸጊያው እንዲፈተን ይህንኑ ዝናብ ስመኝ ነበር ያደርኩት። ያው መርማሪ መጣ። አጎነበሰና በእርጥበት የተሸፈነ መስሎት ፕላስቲኩን በመዳፉ ጠረገው። የሚጠረግ አልነበረም። ውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል።

«አዲስ ከየት አገኙ አባት?»

«አዲስ አይደለም። ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ውሃው የት ሄደ?»

«ልጄ ከፍታ ደፋችው።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን በመገጣጠሚያው ዙሪያ አዞረ፤ ከጀርባ ቱቦዋን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ መሪው ጋ እንድቀመጥ ጠቁሞኝ «ግራ አሳዪኝ» ብሎ በዝናቡ ውስጥ እስከ አጥሩ በር ሄደ። እዚያ ቆሞ እጁን አነሣ። «ቀኝ!» አለ። «አጭሩን! ረጅሙን!» ሁሉም በራ። ተመልሶ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት ተራ የሚጠብቁትን ሾፌሮች ጠራቸው። «ኑ እዩ! መብራት ሲታሸግ እንዲህ ነው!» አባቴ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ዝናቡ ኮቱን እያበሰበሰው አልተጠለለም።

በዚያው ሳምንት አባቴ ወደ ማሻ ተሳፋሪ ጫነ፤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ደጋው ላይ ረፋዱ በጉም ታፍኗል፤ ጫካው የለም፣ መንገዱም ግማሹ የለም። አባቴ ወደ ግራ ሊታጠፍ ፍሬቻውን አበራ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቆመ፤ መብራቱን አንዴ ብልጭ አድርጎ እለፍ አለን። አባቴ እጁን በመስኮት አላወጣም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ታጠፈ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ምን እንደ ሆነ አላወቁም። እኔ ግን የምጮኽበት ቦታ አጣሁ።

ወር ሳይሞላ ከቴፒም፣ ከሸዋ ቤንችም መብራቱን በማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ ሾፌር በራችንን ማንኳኳት ጀመረ። ብዙዎቹ ባለሙያውን ጥሩልን ይሉኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ስላቸው ከረጢቱን ለማቀበል ትንሽ ያመነታሉ፤ ከዚያ ያቀብሉኛል። ሥራው ሲበዛ አባቴ ከጣውላ ቤት አንድ ሰሌዳ አስቆርጦ መጣ። እኔ በቀለም ጻፍኩበት፤ እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ በራችን አናት ላይ ቸነከረው። ከወረደ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ አነበበው፦

«የመኪና መብራት ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ይታሸጋል።»