ያላቀበልኩት ቃል

ይህ የሆነው ዘንድሮ ነው፤ ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በገባን በአምስተኛው ሳምንት። ብዙ ጊዜ አላለፈም። ቢሆንም መምህር ክፍል ውስጥ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ይበልጣል የዶርም ጓደኛዬ ነበር። አገሩ ወንዛዬ አካባቢ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በየደብሩ ዜማ ሲማር ኖሮ፣ የቀለሙን ትምህርት ጎን ለጎን ጨርሶ ነው የመጣው። ዶርሙ በሙሉ "ዲያቆን" ይለዋል። እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። ሰው ሁሉ እንዲወደኝ ስለምፈልግ ከብዙዎቹ ጋር ቶሎ ተግባብቼ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህራችን ለተሳትፎ አሥር ማርክ እንደሚሰጡ ነግረውናል። ይበልጣል ግን እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራው አንድ ቀን እንኳ እጁን አላወጣም። ጭንቀቱን ሲነግረኝ ሃንዳውቴን ሰጠሁትና የሚቀጥለው ጥያቄ ከአራተኛው ምዕራፍ እንደሚሆን ነገርኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ አጠናው። አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፣ እንግሊዝኛውን በለሆሳስ ያዜመዋል። ወደ ክፍል ስንሄድ መንገድ ላይ፣

"ቢጠፋኝ ታቀብለኛለህ?" አለኝ።

እነሱ ዘንድ፣ በአብነት ትምህርት ቤት፣ የተማሩትን አብረው ሲከልሱ፣ አንዱ ቃል ከጠፋበት አጠገቡ ያለው ቀስ ብሎ ያቀብለዋል። እንደማቀብለው ቃል ገባሁለት።

መምህሩ የአፈር መሸርሸርን ሁለት ምክንያቶች ጠየቁ። ይበልጣል እጁን አወጣ። እኛ ተቀምጠን ነው የምንመልሰው። እሱ ግን ተነሥቶ፣ ጃኬቱን ቆልፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ። ከዚያ ምዕራፉን ከርዕሱ ጀምሮ በቃሉ ያወርደው ጀመር። መልሱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ሳቁ ከኋላ ተነሣ። አንዱ፣ "ዲያቆን፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት ያልቃል?" አለ።

መምህሩ መልሱን ብቻ እንዲናገር በትሕትና ጠየቁት። እሱ ግን ከመሐል መጀመር አልቻለም፤ ተመልሶ ከርዕሱ ጀመረ። ሳቁ ባሰ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ፣ መልሱ ሊመጣ አንድ መስመር ሲቀረው፣ "ሴዲመንት" የምትለዋ ቃል ጠፋችበት። ዞሮ አየኝ።

ቃሏን አውቃት ነበር፤ ደለል ማለት ናት። ግን የፊት ወንበር ላይ ያሉት ጓደኞቼም እየሳቁ ወደ እኔ ዞረዋል። እኔም ሳቅሁ።

ተቀመጠ። መምህሩ ክፍሉን ተቆጥተው "አይዞህ፣ ጥሩ ጀምረህ ነበር" አሉት። እሱ ግን ቀና አላለም።

ከምሳ በኋላ ካፌው በር ላይ አገኘሁት። ሳቁ ለቀልድ እንደሆነ፣ ማንም እንዳልናቀው ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና፣

"የኔታ ስሳሳት በአርጩሜ ገርፈውኛል" አለኝ። "ስቀውብኝ ግን አያውቁም።" ቀጥሎም፣ "ቃሉን ታውቀው ነበር?" አለኝ።

"አላውቀውም" አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። ያመነኝ ይሁን ያላመነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አልተናገረም። ቀስ በቀስ መምጣቱንም ተወ። ሚድ ፈተና ሳይደርስ አንድ ቀን ከላይብረሪ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሄዷል። ሃንዳውቴን አንድም ቅጠል ሳያጥፍ ትራሴ ላይ አስቀምጦልኛል። ገለጥኩት። እንደ ድጓ መጽሐፍ፣ በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አናት ላይ በቀይ ብዕር ደቃቅ የዜማ ምልክት አስቀምጧል። "ሴዲመንት" ላይ ግን ምልክቱ ሦስት ጊዜ ተፍቆ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። እዚያች ቃል ላይ እንደሚቸገር አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስልኩ አይሠራም። ወንዛዬ አጠገብ ባለ ደብር ለሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል ሲሉ ሰማሁ። ለሴሚስተር እረፍት ወደ ቤት ስሄድ፣ መንገዱ ወደ ይፋግና ወደ ሐሙሲት ለሁለት በሚከፈልባት ወረታ ወረድኩ። አንድ ሚኒባስ ላይ ያለ ረዳት "ሐሙሲት፣ ሐሙሲት" እያለ ይጣራል። ከሐሙሲት ወንዛዬ ቅርብ ነው። ሃንዳውቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ብዙ ቆሜ፣ በመጨረሻ የይፋጉ ላይ ተሳፈርኩ።

አሁን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ቃል ሲጠፋበት፣ ሳልጠየቅ አቀብለዋለሁ። አንዳንዶቹ ያመሰግኑኛል። መምህሩም ጎበዝ ይሉኛል፣ ለተሳትፎም አሥር ከአሥር ሰጥተውኛል። ውጤቱን ሳየው ደስ አላለኝም። ለቤተሰቦቼም አልነገርኳቸውም።