የዳፈንኩት የጣሳ እሳት

እሳት ሳይዳፍን የሚተኛ ቤት ለነገ አያስብም እያልኩ ነው ልጄን ያሳደግኳት። ደሴ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ቤታችን በረንዳ፣ ከአሮጌ መኪና የጎማ ቸርኬ የሠራሁት ማንደጃ አለ። ማታ ማታ ባህር ዛፍ እናነድበት ነበር፤ ሲበቃን ፍሙን አመድ አልብሰን እንገባለን። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ረመጡ እንደቀላ ይገኛል። «አየሽ፣» እላታለሁ፣ «ማታ ያሰበ ሰው ጠዋት ክብሪት አይፈልግም።» ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ጋራዥ ውስጥ፣ በመለዋወጫ ካርቶኖች ላይ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ጥቂት ነገር ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ። ልጄን እንደሚሰለቻት አላጣሁትም።

አሁን ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ትኖራለች። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ እሳት ዳር የሚቀመጥ የለም። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን እናቷ ካለፈች ወዲህ አመጣጧ የእሳት ጫሪ ሆኗል። ድሮ ፍም ሊጭር የመጣ ጎረቤት አይቀመጥም፤ ፍሙ እንዳይጠፋበት ይሮጣል። እሷም ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፤ ሳይመሽ ሚኒባስ ትይዛለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ እንጨቱ ይረጥባል። እኔ ጎንበስ ብዬ እፍ እፍ ስል፣ እሷ ከጭሱ ፊቷን ስታዞር፣ መሄጃዋ ይደርሳል። እሳቱ የሚይዘው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ብቻዬን እሞቀዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ክዳን ያለው ጣሳ ታቅፋ መጣች።

«ምንድን ነው? ቅቤ ነው?» አልኳት።

«እሳት ነው፣ አባዬ።»

«እሳት በጣሳ?»

«ውስጡ ሰምና ወረቀት ነው። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቦሩ ሜዳ ድንኳን ተክለን ስናድር ዝናብ እንጨታችንን አበሰበሰው። ይሄ ባይኖር በብርድ አልቀን ነበር፣ ወላሂ! በረንዳው ላይ መጠባበቂያ ይሁንህ። ሲበቃህ መክደን ብቻ ነው።»

«ቤት እያለሽ ሜዳ ላይ ታድሪያለሽ?»

የከነከነኝ ድንኳኑ አልነበረም። ከኮምቦልቻ ቦሩ ሜዳ የሚሄድ ሰው በደሴ ያልፋል።

«አቦ አባዬ፣ ምክሩን አቆየውና ክብሪት ስጠኝ!»

ጣሳውን ከማንደጃው አጠገብ አስቀመጠችው። በአንድ ክብሪት ያዘ። ዝናቡ በጣሪያው ላይ እየወረደ፣ እሳቱ ግን እፍ የሚለው ሰው ሳይፈልግ ነደደ። እሳት ድካም ያስፈልገዋል ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ይህኛው ያለድካም የመጣ እሳት ስለሆነ ናቅኩት። ጭስ ስለሌለው ግን ፊቷን አላዞረችም። ስለ አለቃዋ ቁጣ፣ ስለ አከራይዋ ዶሮ፣ ሌሊት ተረኛ ስትሆን እንቅልፍ እንዴት እንደሚታገላት አወራችልኝ። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች። ይህን ረስቼው ነበር።

ስልኳ ጮኸ፤ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው። እጇን ወደ ክዳኑ ሰደደች። የእኔ እጅ ቀደማት፤ ከማንደጃው አመድ ዝቄ ጣሳው ላይ ገለበጥኩት።

«አባዬ! ምን አደረግህ?»

«ዳፈንኩት።»

«ሰም እኮ ነው! ሰም ይዳፈናል?»

«ጠዋት እንድታገኚው...» አልኩ።

የበረንዳውን ቋሚ ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች፤ ትከሻዬን ስማ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

ጠዋት ከልማዴ የተነሳ አመዱን በጣቴ ገለጥኩት። ቀዝቃዛ ነው። አመዱ ከሰሙ ጋር ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። በጋራዥ መፍቻዬ እየፋቅኩ አነሳሁት፤ ከሥሩ ያለው ሰም ደህና ነበር።

ትናንት ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ጣሳውን እንዳትነካው። ቅዳሜ መጥቼ ራሴ አጸዳዋለሁ። ጊዜ ስለሚወስድ ምናልባት እዚያው አድራለሁ።»

ጣሳው ፊት ለፊቴ ነው፤ ጸድቷል። ዝም ብል ታድርልኛለች። ውሸት ሌብነት ነው እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ይህ ምክር በራሴ ላይ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

«አጽድቼዋለሁ፣» አልኳት።

ስልኩን ሳልዘጋ ጨመርኩበት፦

«ቢሆንም እደሪ።»

ልጄን ብዙ አዝዣታለሁ፤ ብዙ መክሬያታለሁ። ለምኛት ግን አላውቅም ነበር። ከወዲያ የፋብሪካው ማሽን ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«እንግዲያው እንጨት አድርቅ፣» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት የሚገኝ እሳት ከሆነ የፈለግከው፣ ሰም አይሆንህም።»

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። እንጨቱን ፈልጬ ግማሹን በረንዳው ላይ ደርድሬያለሁ፤ ግማሹን አልጋዬ አጠገብ አስገብቻለሁ፣ ቤቱ የባህር ዛፍ ሽታ ሸትቷል። ጣሳውን ከክምሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እንጨቱ እንቢ ካለ ይጠቅመናል። አመዱንም ነፍቼ በባልዲ አኑሬያለሁ።

ቅዳሜ ገና ነው።