የኅሩይ ባለ አንድ ዓይን መልአክ

ኅሩይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሚሥልበት አንድ ግድግዳ ብቻ አገኘ፤ እሱንም አስጠፋንበት። «አስጠፋንበት» የምለው ከቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሳንታ ሞኒካ ከተማ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ሲያቆም ያረጀ ሰው ነው። ግትርነቱ ግን አላረጀም። ዌስትውድ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስለ ዉ ዳኦዚ የተጻፈ መጽሐፍ ከገዛ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ዉ ዳኦዚ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ለቻይና ቤተ መንግሥትና ለቤተ መቅደሶች ግድግዳ የሚሥል ሰው ነበር። ፌርፋክስ መንገድ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ በተቀመጥን ቁጥር ወሬው እሱ ነው።

«ሶ፣ ተስፋሁን፣ ይኼን ልብስ እየው» ይለኛል ወጡን ትቶ። «መሥመር ብቻ ነው። ነፋስ የገባበት አይመስልም?»

«ኦኬ፣ ሥዕሎቹ የት ናቸው ታዲያ?»

«የሉም። ግድግዳዎቹ ጠፍተዋል። የቀረው ሰዎች የገለበጡት ነው። ኮፒ ካለ አይሞትም።»

በ2014 ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ ገብርኤልን ሣልልን አለው። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ መሰላል ላይ አመሸ። መጋረጃው ሲነሳ መልአኩ ወደ በሩ ዞሯል፤ ቀሚሱን ነፋስ ይዞታል፤ ፊቱ በጎን ነው። አንድ ዓይን ብቻ። በእኛ ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው መሆኑን ኅሩይ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ቻይናዊው አስረስቶት ነው እንጂ!

እትዬ ፀሐይነሽ ሊሳለሙ ቀርበው ወደ ኋላ ተመለሱ። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ይኼንን አልሳለምም» አሉት።

«እትዬ፣ ዞሮ እኮ ነው። አንቱን ሊቀበል ወደ በሩ እየመጣ ነው።»

«ይምጣ። በሁለት ዓይኑ ይምጣ።»

ኮሚቴው አራት እሑድ ተከራከረ። ሁለተኛ ዓይን ይጨመርበት ቢሉት «የት ላድርገው? ጆሮው ላይ?» አለ። ይጥፋ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል የእኔም ወጣ። ከሽማግሌ ጋር ላለመጣላት ብዬ ነው፤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ነጭ ቀለም ሳይቀባ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ ላገኘሁት ሁሉ ሥራው ግሩም ነበር እያልኩ አወራሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኅሩይ ሁለት ዓመት ስለ ሥዕሉ አላነሳም። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ «ያንን ፎቶ ላክልኝ» አለኝ። «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። መሥመሩም ከልቤ እየጠፋ ነው። ሳይጠፋ ልገልብጠው።»

ፎቶው የለም። ግሌንዴል አንድ ስልክ መሸጫ ስልክ ስቀይር ሻጯ ልጅ በድሮው ላይ ያለውን ላጥፋው ወይ ስትለኝ ኦኬ ብያት ነበር። ነገርኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ናፕኪንና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ።

«አራት እሑድ ፊት ለፊቱ ቆመሃል። የምታስታውሰውን ሣል።»

በሕይወቴ ሥዬ አላውቅም፤ ግን ሣልኩ። ክንፉን፣ ወደ በሩ የዞረውን ትከሻ፣ ቀሚሱን። ነፋሱ ትንሽም ቢሆን የገባበት መሰለኝና ደስ አለኝ። ኅሩይ ናፕኪኑን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ አየው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጣቱን መልአኩ ፊት ላይ አቆመ።

ሁለት ዓይን አድርጌበታለሁ።